የተሸነፈው ኔቱ ነው

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጌም ተጫውቶ የተሸነፈ ልጅ እስካሁን አልተገኘም። የሚሸነፈው ኔቱ ነው። ልጁማ ተኩሶ ነበር፤ ጥይቱም አርፎ ነበር፤ ኳሷም መስመሩን አልፋ ነበር፤ ግን "ላግ አደረገብኝ"። ያሸነፈ ዕለት የኔቱ ስም አይነሳም። ያው ራውተር፣ ያው መስመር፣ ያው ሰዓት ነው፤ የተለወጠው የልጁ ችሎታ ብቻ ነው። ድሮ ሰፈር ሜዳ ላይ የተሸነፈ ቡድን "ዳኛው በላን" ይል ነበር። ዳኛ ግን አፍ አለው፤ ይመልሳል፤ ሲብስበትም ቀይ ካርድ ይመዛል። ራውተር ምስኪን ነው፤ ቢበዛ ቀይ መብራት ያበራል። "አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ" ማለት የሚገባው ዛሬ እሱ ነበር።

ክሱ ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ እል ነበር። ኔቱ እውነትም ይንቀረፈፋል። ፐብጂ የሚጫወት ልጅ ስክሪኑ ጥግ ያለችው ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ስትሄድ ፊቱ አብሯት ይቀላል። ጠላቱ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ ሳይራመድ ቤት ውስጥ ይገኛል። ልጁ ራሱ ግድግዳ ጀርባ ገብቶ "ተረፍኩ" ካለ በኋላ ይሞታል። "ተደብቄ እኮ ነው የገደለኝ!" ብሎ ሲጮህ እናቱ ከኩሽና "ማን ነው የገደለህ?" ይላሉ። ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። ብዙ የተኩስ ጌሞች ተኳሹ ቃታ ሲስብ ምን ያይ እንደነበር ለማወቅ ሰዓቱን ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ነው የሚፈርዱት። በተኳሹ ስክሪን ላይ ልጁ ገና ግድግዳው ጋ አልደረሰም ነበር። ፍርዱ ልክ ነው፤ ሟቹን ማሳመን ነው የሚያስቸግረው።

እኔን የሚገርመኝ ጣት ሁልጊዜ ወደ ውጭ መቀሰሩ ነው። ወደ ምሰሶው፣ ወደ ታወሩ፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው። ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ አይጠየቅም።

አንድ የማውቀው ቤት አለ፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስመሩን ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ በበሩ በኩል ሽቦውን አስገባ፣ ሳጥኗን እዚያው በሩ አጠገብ አቆማት፣ አስፈርሞ ሄደ። የቤቱ እመቤት ደግሞ መብራት የሚያብለጨልጭና ሽቦ የተንጠለጠለበት ነገር ሳሎናቸው ውስጥ ማየት አይወዱም። ስለዚህ ራውተሩ በክብር ቡፌ ውስጥ ገባ። ከኋላው መስታወት፣ ከፊቱ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች፣ ከጎኑ ለትልቅ እንግዳ የተቀመጠ የሻይ ስብስብ፣ ከላዩ ነጭ ዳንቴል። አንቴናዎቹ ሳይቀሩ እንዳይታዩ ወደ ታች ታጥፈዋል።

ዳንቴሉ ሲሰደብ ስለምሰማ ልከራከርለት። የሬዲዮ ሞገድ በክር አይቆምም። ዳንቴል የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሙቀት ማፈን ነው፤ የሞቀ ራውተር ደግሞ ውሎ አድሮ መደናበር ይጀምራል። ዋናው ጠላት መስታወቱ ነው። ከመስታወት ጀርባ የተቀባችው ስስ ብረት ሞገዱን ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። ከዚያ የተረፈው ሞገድ የሳሎኑን ግድግዳ ያልፋል፤ ቀጥሎ የኮሪደሩን ብሎኬት፤ ቀጥሎ የልጁን ቁም ሳጥን። ልጁ ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ወዲያ፣ በሩን ዘግቶ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው የሚዋጋው። እዚያ የሚደርሰው ሞገድ ከሩቅ እንደሚሰማ ቅዳሴ ነው፤ መኖሩ ይታወቃል፣ ቃሉ አይለይም።

አባትየው ነገሩን ያውቃሉ። ጎረቤት ነግሯቸዋል፤ መሥሪያ ቤታቸው ያለው የአይቲ ልጅም ነግሯቸዋል። ራውተሩ ከቡፌው ይውጣ ብሎ ለባለቤታቸው መናገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ስልክ አንሥተው ደንበኞች አገልግሎት ይደውላሉ። ከዚያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ በትሕትና "ጌታዬ፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" ትላቸዋለች። "አጥፍቼ አብርቼዋለሁ" ይላሉ፤ ከሶፋው ንቅንቅ ሳይሉ።

ማጥፋትና ማብራቱን እንዳልንቀው እንጂ፣ አንዳንዴ ይሠራል። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ለወራት ሳያርፍ ሲሠራ ማስታወሻው ይጨናነቃል፤ ሲነሣም አንዳንዱ ዓይነት ሰው ያልበዛበትን ቻናል መርጦ ይቀመጣል። ክፋቱ አንዴ የሠራ ነገር እኛ ዘንድ ሥርዓት መሆኑ ነው። አንዱ ነቅሎ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ሌላው እስከ ሠላሳ፤ ሦስተኛው ሶኬቱን እፍ ብሎ ይሰካል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቴሌቪዥን አንቴና እያዞረ "አሁንስ?" "ትንሽ መልሰው!" ሲባባል ያደገ ትውልድ ደግሞ ራውተር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው አንቴናውን ወደ ታወር ማዞር ነው። በሽቦ የሚሠራ የቤት ራውተር አንቴና ታወር አይፈልግም፤ የሚያገለግለው የቤቱን ስልክና ኮምፒውተር ነው። ቀጥ አድርጎ ማቆም በቂው ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ገንዘብ ነው። "ፓኬጁን እናሳድገው።" ልጁ ለዚህ ማስረጃ ያዘጋጃል። ስፒድ ቴስት ይከፍታል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ስክሪንሻት አድርጎ ለአባቱ ይልካል። ፓኬጁ ሲያድግ ደግሞ ሁሉም በተኛበት ሌሊት ተነሥቶ በድጋሚ ይለካል፤ ቁጥሩ ያምራል፤ ለጓደኞቹ ይላካል። በማግስቱ ማታ ጌሙ ያው ነው። ማንም የማያየው እዚያው ስክሪን ላይ በትንሹ የተጻፈች ሌላ ቁጥር መኖሯን ነው። እሷ ናት ፒንግ። ትልቁ ቁጥር መስመሩ በሰከንድ ስንት መሸከም እንደሚችል ነው የሚናገረው፤ ትንሿ ቁጥር አንድ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀበት ነው። ጌም ሸክም የለውም። አብዛኛው የኦንላይን ጌም ሲጫወቱት በሰከንድ አንድ ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ያቺ ቅንጣት መልእክት ሳትዘገይ እንድትመለስለት ብቻ ነው። በአምስት ሜጋ ያልተስተካከለ ጌም በሃምሳ ሜጋ የሚስተካከለው መስመሩ በእርግጥ ሞልቶ ከነበረ ነው፤ ባይሞላ ግን የሚያድገው ሂሳቡ ነው።

ፒንግን የሚለካውን ፕሮግራም የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ የአሜሪካ ጦር ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ.። ኔትወርኩ አልሠራ ሲለው ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ነበር ሐሳቡ። የእኛ ልጆች መሣሪያውን ወስደው ለሽንፈት የሰው ምስክር አደረጉት። "ፒንጌን እየው እስቲ!" ይባላል፤ እንደ ሐኪም ወረቀት ስልክ ይዘረጋል። ሐኪሙ ግን የጻፈው ሌላ ነው። ቀጥ ብሎ 120 ላይ የሚቆም ፒንግ ሰው ይለምደዋል፤ እጁ ትንሽ ቀድሞ ይተኩሳል። ሰው የሚያሳብደው አሁን 40፣ ወዲያው 300፣ ተመልሶ 60 የሚለው ነው። እንዲህ የሚዘል ቁጥር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው።

እስቲ አንድ ምሽት እንመልከት። ልጁ መኝታ ቤት ጦር ሜዳ ላይ ነው። እናቱ ሳሎን ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ቪዲዮ ሪያድ ላለችው እህታቸው በቴሌግራም እየላኩ ነው። ቪዲዮው ካህኑ ከገቡበት እስከ ዳቦው መቆረስ ድረስ ነው፤ ያልተቀረጸ ነገር የለም። የታላቅ እህት ስልክ ደግሞ ቻርጅ ላይ ሆኖ የሳምንቱን ፎቶ ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ይጭናል። አባት ዜና ያያሉ።

"ማሚ! ምን እየላክሽ ነው? ዝጊው!"

"አንተ ልጅ፣ ከእህቴ ጋር ለመገናኘት ያንተን ፈቃድ ልጠይቅ?"

"አሥር ደቂቃ ብቻ! ፋይናል ላይ ነኝ!"

"እሷም ፋይናል ላይ ናት፤ እመቤቷ ሳትመጣባት ነው የምታየው።"

እውነቱን ለመናገር ፍርዱ ለእናትየው ነው። ልጁ ግን ነገሩን ጨርሶ አልሳተውም። ብዙ የቤት መስመር ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ነው። የክርስትናው ቪዲዮ ወደ ውጭ የሚሄደውን ጠባብ መንገድ ሞላው። ራውተሩ መሄድ ያልቻለውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ያሰልፋል፤ የጌሟ ቅንጣት መልእክትም መጥታ ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች። ቅንጣቷ ያን ሁሉ ቪዲዮ ጠብቃ ስትወጣ ልጁ ሞቶ ተቀብሯል።

ይህ ችግር የድሃ አገር በሽታ እንዳይመስላችሁ። ጂም ጌቲስ ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለውን የድረ ገጽ መግባቢያ ደንብ ካዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ ማለትም ድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሆነ መንገድ የእሱን ደንብ ተጠቅሟል። የሱም ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው ይሉት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ከቤቱ ትልልቅ ፋይል ሲልክ ፒንጉ ሰማይ ሲወጣ አየና ነገሩን ተከታተለው። ማስታወሻ ቺፕ እየረከሰ ሲሄድ የመሣሪያ አምራቾች ራውተርና ሞደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ማሰለፊያ ቦታ አጭቀውበት አገኘው። ሰልፉ አንድም ሰው ሳይመለስ ይረዝማል፤ ላኪውም መስመሩ መሙላቱን የሚያውቀው ከረፈደ ነው። ባለሙያዎቹ በፈርብሎት አሉት። በ2012 እ.ኤ.አ. ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን መፍትሔ አሳተሙ፤ ዛሬ ደኅና ራውተር ላይ ኤስኪውኤም በሚል ስም የሚገኘው ማስተካከያ ብዙው የዚህ ቤተሰብ ነው። የመላኪያ ፍጥነቱን ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርገው ሲሞሉት ሰልፉ ራውተሩ ሆድ ውስጥ አይቆለልም፤ ክርስትናውም ሪያድ ይደርሳል፣ ልጁም በሕይወት ይቆያል። ከመስመሩ ጋር በነጻ የሚሰጠው ራውተር ይህ ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ ፎቶ የሚጭነውን ስልክ "ሌሊት ጫን" ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የታላቅ እህትን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ኢንጂነሮች እዚህ ድረስ አልሄዱም።

ከቤት ወደ ፎቅ እንውጣ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ከፍቶ የዋይፋይ ዝርዝር ማየት የጎረቤትን ጠባይ ማንበብ ነው። "የራሳችሁን አስገቡ" የሚል አለ። "ቫይረስ አለበት" የሚል አለ። ከፋብሪካ የወጣበትን ስም ከነቁጥሩ ይዞ የቀረ ሰላማዊ ሰው አለ። ሃያ ስም ይቆጠራል፤ አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው። በዚህ ሞገድ ላይ 13 ቻናል አለ ቢባልም አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ ጎን ለጎን መሄድ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሃያው ቤት በእነዚህ ላይ ይታደላል። ራውተሮች ደግሞ ከባለቤቶቻቸው ይልቅ ጨዋዎች ናቸው፤ ሌላው ሲናገር ከሰሙ ዝም ብለው ተራ ይጠብቃሉ። ሃያ ጨዋ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ደግሞ ጨዋታው አይሄድም። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው ሞገድ አካባቢ ነው። የአባት እራት ሲሞቅ ልጅ ጦር ሜዳ ላይ ይወድቃል።

5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሌላው ሞገድ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። ራውተሩ ልጁ ያለበት ክፍል ወይም በሩ ላይ ከሆነ ወደር የለውም፤ ቡፌ ውስጥ ከሆነ ግን ስሙም አይታይ። እንግዲህ ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ ቡፌው ጋ ይመጣል።

ስለ ፓስወርድ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ እንግዳ ሲገባ ውኃ ነበር የሚጠየቀው፤ አሁን ጫማውን ሳያወልቅ "ፓስወርዳችሁ ስንት ነው?" ይላል። መከልከል ነውር ነው። አንዴ የተሰጠ ፓስወርድ ደግሞ ለወንድም፣ ለወንድም ጓደኛ፣ ታች ሱቅ ላለው ልጅ ይደርሳል። በአንድ መስመር ሦስት ቤት ሆነው ሂሳብ የሚካፈሉም አሉ፤ መረዳዳቱ ደስ ይላል፣ ማታ ማታ ግን ሁለት ቤት ድራማ እያየ ሦስተኛው ጌም ይጫወታል። በመጨረሻ ባለቤቱ ይቆጣና ፓስወርድ ይቀይራል። በማግስቱ የጎረቤት ሴትዮ ቡና አፍልተው ይጠራሉ። ሁለተኛው ሲኒ ሳይደርስ አዲሱ ፓስወርድ ወጥቷል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኔትወርክ ኬብል። ካት 5ኢ የተባለው ተራ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢት ይሸከማል፤ ግድግዳ አያውቅም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ ማይክሮዌቭ አያውቅም። መርካቶ ተገዝቶ፣ ጫፉ ላይ ራስ ተመቶለት ይመጣል። የሚከፈለው አንዴ ነው፤ ፓኬጅ ግን በየወሩ። ፕሌይስቴሽንም ብዙው ኮምፒውተርም ኬብል የሚገባበት ቀዳዳ ስላላቸው ሌላ ነገር አይጠይቁም፤ በስልክ ለሚጫወትም መቀየሪያ አለ። ይህን ሐሳብ ያነሣ ሰው ግን ቤተሰብ ፊት ይጨፈጨፋል። "ሽቦ? ሳሎን አቋርጦ? እንግዳ ምን ይላል?"

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። የዲሽ ሽቦ ከሰገነት ተነሥቶ፣ የበረንዳውን መስኮት በስቶ፣ በኮርኒሱ ጥግ ዞሮ፣ መጋረጃ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ወርዷል። ያን ቀን አባት ራሳቸው ናቸው መሰርሰሪያ የያዙት፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቅዳሜ ሊጀመር ሐሙስ ነበር። የእንግዳ ነገር አልተነሣም። እንግዳውም ቢሆን ኳሱን ሊያይ ነው የሚመጣው። ቀዳዳው ስለተበሳ የልጁ ኬብል በዚያው ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ያሰበ ግን የለም። የአባት ጨዋታ መሠረተ ልማት ይባላል፣ የልጅ ጨዋታ ቅብጠት።

ልጆቹ ደግሞ ኬብል ከሚስቡ ተአምር ያወርዳሉ። "ፒንግ ቀናሽ" የሚሉ አፖች አሉ፤ ሮኬት ተስሎባቸዋል፤ ሲነኩ ክብ ነገር ይዞርና "ፒንግዎ ቀንሷል" ይላል። ማስታወቂያ ያሳያሉ፣ የማስታወቂያውን ቪዲዮ የሚያወርዱት በዚያው መስመር ነው። ቪፒኤንም አለ። አንዳንዴ መደበኛው መንገድ ጠማማ ሆኖ ቪፒኤኑ የቀናውን ቢያገኝ ሊጠቅም ይችላል፤ በነጻ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን ሌላ አህጉር አሳድሮ ነው የሚመልሰው።

ልጆቹን የምከላከልበት አንድ ቦታ አለ። ቡፌው ቢነሣ፣ ኬብሉ ቢዘረጋ፣ ጎረቤት ቢጾምም የማይቀንስ ፒንግ አለ። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ነው። ሄዶ ለመመለስ ብርሃን ራሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ያውም ኬብሉ በአየር በቀጥታ ተዘርግቶ ቢሆን ነው። ኬብላችን ግን እንደ ወፍ አይሄድም። የባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በጅቡቲ፣ በኬንያና በመሳሰሉት ጎረቤቶች በኩል ነው ወደ ባሕር የሚደርሰው። በጅቡቲ የሄደው ቀይ ባሕርን ሽቅብ ወጥቶ፣ ግብፅን አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ነው አውሮፓ የሚገባው። በየመንገዱ የሚቆምበት መሣሪያ ሲጨመር ከመቶ በላይ ቢሆን አይፈረድበትም። ቀይ ባሕር ደግሞ ሰላም አያውቅም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመታችው ሩቢማር መርከብ ስትንሳፈፍ መልሕቋ ሦስት የባሕር ኬብሎችን እንደቆረጠ ይታመናል። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጅዳ አካባቢ ሌሎች ኬብሎች ተቆረጡ፤ ማይክሮሶፍት ሳይቀር አገልግሎቱ ላይ መዘግየት ሊታይ እንደሚችል አስታወቀ። እንዲህ ባለ ሰሞን ልጁ "ኔት ነው" ቢል እመኑት።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአጎቱ ልጅ ጋር ካልተጫወትኩ ሲል ግን አትመኑት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን ብቻውን ደርሶ መልስ ከ110 ሚሊሰከንድ በላይ ይጨርሳል፤ በተግባር ደግሞ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። ሰርቨሩ አሜሪካ ከተመረጠ የአዲስ አበባው ይሞታል፤ አውሮፓ ከተመረጠ ሁለቱም ይማረራሉ። የሚያስቀው እያንዳንዱ ለየራሱ ቤተሰብ ኔቱን መክሰሱ ነው፤ የአሜሪካው እናትም እንደ አዲስ አበባዋ ፓኬጅ እንድታሳድግ ይነገራታል። በቅርብ ያለውን ሰርቨር ምረጥ ቢባል "እዚያ ያሉት ከባድ ናቸው" ይላል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለጣል።

ይበልጥ የሚገለጠው ደግሞ ሰፈር ጌም ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የልጅ ጭፍራ። ሰርቨር የለም፣ ባሕር የለም፣ ቡፌ የለም። ሁለቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ነው የሚጫወቱት። የተሸነፈ ይከፍላል። ያ ቤቱ ውስጥ ኔቱ ሲያስረግጠው የከረመ ጀግና እዚህ መጥቶ ሦስት ለባዶ ሲመራ ጆይስቲኩን ወደ ላይ ያነሣል። "ይሄ ቁልፍ አይነካም!" ይቀየርለታል። አራተኛው ጎል ሲገባበት ወደ በሩ ዞሮ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ አረፈ ይላል። ከኋላው ካሉት አንዱ "ጋሼ፣ መጋረጃውን ይዝጉለት" ይላል፤ ባለቤቱ ይዘጉለታል። አምስተኛው በጨለማ ገባ።

እንግዲህ ወርሃዊ ሂሳብ የምትከፍሉ እናትና አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ "ኔት ነው" ብሎ ሲጮህ ፓኬጅ ለማሳደግ አትሩጡ። ስልኮቹ ሁሉ ይጥፉ፤ ልጁ በኬብል ይገናኝ፣ ኬብል ከሌለ ራውተሩ ሥር ይቀመጥ፤ ፒንጉን እዩት። ከዚያ ያን የክርስትና ቪዲዮ መላክ ጀምሩና ደግማችሁ እዩት። ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ማንም ሳይጠቀም፣ በኬብል ሆኖም ከዘለለ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ አገልግሎት ሰጪያችሁ ጋ ሂዱ፤ ቁጥር ይዞ የመጣን ደንበኛ "አጥፍተው ያብሩት" ብሎ መመለስ ያስቸግራል። ቁጥሩ ደኅና ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ልጁ አሁንም ከተሸነፈ ግን ምንም አትክፈሉ። ልምምድ ያድርግ።